የኮምፕዩተራችን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለአንድ ዓመት የሚሆን ማራዘሚያ ቢፈቅድም፣ ማራዘሚያ መዘጋቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያገኘውን ኮምፕዩተር ሁሉ አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ወደ ውጭ ይገፋል።

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ የምንኖር ተማሪዎች ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልንሰማው አይገባንም። ብዙዎቻችን የምንገዛው በሌላ አገር ቢሮ አገልግሎ የመጣውን ኮምፕዩተር ነው። ገበታው ይሠራል፣ መስኮቱ ይበራል፣ ፕሮሰሰሩም ለትምህርታችን ይበቃል፤ ነገር ግን ከባሕር ማዶ በወጣ ትእዛዝ «አርጅቷል» ተብሎ ይፈረድበታል። ታዲያ ዕቃው የማን ነው? የገዛነው የእኛ ነው ወይስ የፈራጁ?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፕዩተሩን አካል ሁሉ የሚያዝዝ ዋና ፕሮግራም ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፕዩተሩን ሲያወጣ ይህን ዋና ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ወሰደ፤ ውሉ ግን ማይክሮሶፍት ለሌሎችም እንዲሸጥ በሩን ክፍት ተወለት። ከዚያ በኋላ ኮምፕዩተር ሠሪዎች በዋጋ እርስ በርሳቸው ሲሻኮቱ፣ የፕሮግራሙ ባለቤት ከእያንዳንዱ ይሰበስብ ጀመር። አፕል በበኩሉ ዕቃውንም ፕሮግራሙንም በአንድ እጁ ይዞ ይሸጣል። መንገዳቸው ቢለያይም የሁለቱም ምሥጢር አንድ ነው፤ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለገዢው አይታይም። ነጋዴ ለትርፉ መሥራቱን አንነቅፍም። የምንነቅፈው የእኛን አማራጭ አለመፈለግ ነው።

አማራጩም አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት ለመሥራት ተነሣ። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ጀመረ። ተማሪ እንደነበር አንባቢ ልብ ይበልልን! ዛሬ ዊንዶውስ 11 የገፋውን ኮምፕዩተር ሊኑክስ ያለ አንዳች ክፍያ ያስነሣዋል።

«እኛስ መቼ ከፈልን? በፍላሽ ገልብጠን አይደለም ወይ የምንጭነው?» የሚሉን አይጠፉም። እውነት ነው፤ ነገር ግን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፕዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ማን እንደነካካው የማይታወቅ ቅጂም ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ የገለበጥነው ፕሮግራም ዋጋውን በብር ባናወጣለት በልማድ እንከፍለዋለን፤ ሌላውን ሳናውቅ እንመረቃለንና። በነጻና በሕግ የሚገኝ እያለ የተከለከለውን መገልበጥ፣ አበው እንዳሉት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የፊደላችን ታሪክም ይመስክር። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች አማርኛን በኮምፕዩተር ስላስጻፉን ምስጋና ይገባቸዋል። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ከዚህ የባቢሎን ግንብ ያወጣን ለሁሉም ክፍት የሆነው ዩኒኮድ ነው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ ገባ። አንዱ ሌላውን የሚያነበው የጋራው ሥርዓት ክፍት ሲሆን ነው።

በእጃችን ያለውን ስልክም እንይ። ቴክኖ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ስልክ ሲገጣጥም ቆይቷል። ዘመናዊ ስልኮቹ የሚሠሩበት አንድሮይድ በሊኑክስ ላይ የቆመ ነው፤ ሠሪው ዋና ፕሮግራም ከባዶ እንዲጽፍ አልተገደደም። ይሁንና የጉግል የመተግበሪያ መደብር የተዘጋ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት በሁዋዌ ላይ እገዳ ሲጥል፣ ለአዳዲስ ስልኮቹ የተቋረጠው ይኸው የተዘጋው ክፍል ነበር፤ ክፍቱ በእጁ ቀረ። ያን የሚያህል ኩባንያ እንዲህ ከሆነ የእኛ ነገር ምን ይሆን?

«ቀጣሪው የሚጠይቀው ዎርድና ፒችትሪ ነው፤ መሐንዲሱም ያለ አውቶካድ አይቀጠርም» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አናቃልለውም። እነዚህን መማር ይገባል። ነገር ግን ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ ኮምፕዩተር ጎን ለጎን መጫን ይቻላል። ደግሞስ ቀጣሪው መንግሥት በምን እየሠራ ነው? የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ አገር ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ፕሮግራም ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ክፍት ፕሮግራም ነው። እነዚህን ነገ የሚጠግናቸው ማነው? ቁልፍ መጫን ብቻ የተማረ ተመራቂ ጎሮ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ ገብቶ ምን ሊፈጥር ነው?

ስለዚህ ኅብረታችን ለሚመለከታቸው ሁሉ ሦስት ነገር እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ዊንዶውስ 11 ያልተቀበላቸው የቤተ ሙከራ ኮምፕዩተሮች ከመጣላቸው በፊት ሊኑክስ ይጫንባቸው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ ዓመት የኮምፕዩተር ትምህርት ሁለቱንም ሥርዓቶች ያስተምር። ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቶች አዲስ ዕቃ ሲገዙ በክፍት ሥርዓትም የሚሠራ መሆኑን በጨረታው ላይ ያስፍሩ።

ለእኛ ለተማሪዎች የቀረው ሥራ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። የሚያውቅ ለማያውቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያስጭንለት፤ የአማርኛው ትርጉም የጎደለውን ይሙላ፤ የተበላሸውን አርሞ ለሠሪዎቹ ይላክ። የሰው ወርቅ አያደምቅምና፣ ቁልፉን ከመለመን ቁልፍ መሥራትን እንማር!