የሀብት ልዩነትና የአካባቢ ጤንነት፦ ከቆሼ የሚወሰድ ትምህርት

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ረጲ በሚገኘው በተለምዶ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ ማከማቻ በደረሰው የመደርመስ አደጋ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ማጣታቸውና የሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን መታወጁ ይታወሳል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በክምሩ ሥር በላስቲክና በጭቃ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው።

ከሃምሳ ዓመታት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ ወደዚህ ስፍራ ሲጓጓዝ ቆይቷል። ከፍተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ብዙ ይሸምታል፤ በዚያው ልክም ብዙ ይጥላል፤ ሆኖም ከሽታው፣ ከጭሱና ከፍሳሹ ርቆ የመኖር አቅም አለው። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ዜጋ በአንጻሩ ኪራይ በሚረክስበት ስፍራ ይሰፍራል፤ ከክምሩ ፕላስቲክና ብረታ ብረት ለቅሞ በመሸጥም ይተዳደራል። በዚህም ምክንያት የአደጋው ስፍራና የዕለት እንጀራው አንድ ይሆናሉ። ነዋሪውን ከቦታው ማንሳት ብቻውን በቂ መፍትሔ የማይሆነውም ምትክ ቤትና ሥራ አብረው ካልቀረቡ ነው።

ሸክሙን ማዛወርም ችግሩን አያስወግድም። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ መወሰድ ቢጀምርም በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ተቋርጦ ወደ ቆሼ ተመልሷል። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ በማመንጨት ክምሩን ለመቀነስ የታለመ ነው። ይሁን እንጂ እርጥብ የምግብ ትርፍራፊ ከደረቁ ጋር ሲደባለቅ በሚገባ አይነድም። ስለሆነም ቆሻሻን ከቤት ጀምሮ መለየት የእያንዳንዱ ቤተሰብ፣ በተለይም ብዙ የሚጥለው ቤተሰብ ድርሻ ነው።

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ በገቢ መጠን አይለካም። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይ ድርጊት በሚፈጽም አካል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል።

አቤቱታ አቅራቢዎች ብክለቱ የተፈጸመበትን ቦታና ቀን በጽሑፍ እንዲገልጹ፣ ፎቶግራፍ ካለ እንዲያያይዙ፣ የማመልከቻውንም ቅጂ ገቢ የሆነበት ቀን ተመዝግቦበት እንዲይዙ ይመከራል። የጊዜ ገደቡ የሚቆጠረው በዚህ ማስረጃ ነውና።