ልጆቻችንን ስለ ልብ ሕመምና ስለ ስትሮክ በምን መንገድ እናስተምራቸው?



በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ስለ ልብ ሕመምና በዕብራይስጥ «ሼቬጽ ሞሂ» ስለሚባለው ስትሮክ ነው። ስትሮክ የሚመጣው ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር በድንገት ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። «ይህ የትልልቅ ሰዎች በሽታ ነው፤ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምን ያደርግለታል?» ትሉ ይሆናል። ሆኖም በብዙ ቤት ዕብራይስጥ ቀድሞ የሚለምደው ልጅ ነው። አባት በሌሊት ቢታመም ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ በ101፣ የሚደውለው እርሱ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ሃይፋ ከወጣቶች ጋር ስንሠራ ያየነው ነገር አለ። ንግግር ስናደርግላቸው ያንቀላፋሉ፤ ሥራ ስንሰጣቸው ይነቃሉ። ስለዚህ ትምህርቱን በጨዋታ መልክ አደረግነው። አንዱ በሽተኛ፣ አንዱ ደዋይ፣ አንዱ የ101 ሠራተኛ ይሆናል። ደዋዩ በሽተኛውን ሦስት ነገር ያዘዋል፦ ፈገግ በል፣ ሁለት እጅህን አንሣ፣ ይህን ቃል ድገም። ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከወረደ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ አንዱ ምልክት ብቻ ቢታይም ወዲያው ይደውላል። ደረትን የሚጫን ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለእርሱም ይደወላል።

በአገር ቤት ፊት ሲጣመም «ምች ነው» ተብሎ በቅጠል ታሽቶ ማደር ልማድ ነበር። በስትሮክ ግን ማደር አይገባም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ስንት ሰዓት እንደጀመረ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! እኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምንለው በእስራኤል አቆጣጠር ሁለት ሰዓት፣ «ሽታይም ባላይላ» ነው። በስድስት ሰዓት የተሳሳተ መልስ መድኃኒቱን ሊያስቀር ይችላል። ልጁ ሰዓቱን በእስራኤል አቆጣጠር፣ አድራሻውንም በዕብራይስጥ ይለማመድ።

ሌላም እንቅፋት አለ። በእኛ ባህል ልጅ አባቱን አያዝም። አባት «ተወኝ፣ ደህና ነኝ» ካለ ልጁ ስልኩን ያስቀምጣል። ስለዚህ አባት በጤናው ቀን «ታምሜ እምቢ ብል እንኳ ደውል» ብሎ ይፍቀድለት። ይህች አንዲት ቃል ሕይወት ልታድን ትችላለች።

በሽታው ሳይመጣ መከላከሉም በጨዋታ ይሆናል። ከሃዳር ወደ ቀርሜሎስ ተራራ ከሚወጡት ደረጃዎች በአንዱ ከልጃችሁ ጋር ውጡ። ከታችና ከላይ የእጅ አንጓን ትርታ 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛ። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ እንደምትመታ ስትነግሩት ደረጃው የሚያስተምረውን ይረዳል። ቤት ሲመለስ በአንድ ቆርቆሮ ኮካ ኮላ (330 ሚሊ ሊትር) ውስጥ ያለውን ስኳር በሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ይስፈር፤ ዘጠኝ ማንኪያ ያህል ይሆናል። ገበያ ስትሄዱም ከ2020 ጀምሮ በእስራኤል ምግቦች ላይ የሚለጠፈውን ክብ ቀይ ምልክት እርሱ ያንብብላችሁ፤ ጨው፣ ስኳር ወይም ጎጂ ስብ መብዛቱን ያመለክታል።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1984 እና 1985፣ በኋላም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ በመጡት ወገኖቻችን ዘንድ የስኳር በሽታ ብርቅ ነበር። ምግቡ ሲለወጥና የእግር ጉዞው ሲቀር ግን በዓመታት ውስጥ በዛ። ስኳርና የደም ግፊት ደግሞ የልብንና የአንጎልን ሥሮች ይጎዳሉ። በ1998 «ጤና ብሪዑት» የተባለው ድርጅት የተመሠረተውም ለማኅበረሰባችን በቋንቋውና በባህሉ ጤናን ለማስተማር ነው። እናንተ አዲስ የመጣችሁ ግን ገና በጅምሩ ላይ ናችሁና ልታስቀሩት ትችላላችሁ።

በመጨረሻም አደራ! ልጁ 101 ይደውል እንጂ ከባድ የሐኪም ወሬ ለወላጁ እንዲያስተረጉም አይገደድ። በኩፓት ሆሊምም ሆነ በሆስፒታል አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁን አታስፈራሩት፤ አስተምሩት፣ አመስግኑት።

ጤና ለቤታችሁ ይሁን!