ዘግይቶ የተከፈተ ቁም ሣጥን

ከመቅረት መዘግየት ይሻላል የሚለው ምሳሌ ለመጻሕፍትም ይሠራል። ያደግሁበት የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ተረትን ከሐሰት ጋራ ይቈጥረው ስለ ነበር፥ የብዙ አገር ሕፃናት የሚወዱትን የናርንያን ታሪክ ሳላነብ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ዘንድሮ ግን ልጄ ተውሳ ባመጣችው መጽሐፍ ምክንያት በየማታው እየተረጐምሁላት ሰባቱንም ጨረስን።

ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. በቤልፋስት ተወልዶ በ1963 ዓ.ም. ያረፈ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው። መጻሕፍቱ ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. ታተሙ። ዛሬ አታሚዎች ስድስተኛ የወጣውን «የአስማተኛው የእኅት ልጅ» አንደኛ ብለው ይቈጥሩታል፤ ጀማሪ ግን በመጀመሪያ ከወጣው «አንበሳው፥ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» ቢነሣ ይሻላል፤ የቁም ሣጥኑ ምሥጢር አስቀድሞ አይገለጥበትምና።

ከለንደን የአየር ድብደባ ሸሽተው ወደ ገጠር የተላኩ አራት ልጆች በአንድ ቁም ሣጥን አልፈው፥ በረዶው ወደማይቀልጥበት፥ የልደት በዓልም ወደማይደርስበት አገር ይገባሉ። ከእነርሱ አንዱ ኤድመንድ በጠንቋይቱ ጣፋጭ ተታሎ ወንድሙንና እኅቶቹን አሳልፎ ይሰጣል። በኋላ አስላን የተባለው አንበሳ በማለዳ ለብቻው ወስዶ ያነጋግረዋል፤ ለሌሎቹም ያለፈውን ማንሣት እንደማያስፈልግ ይነግራቸዋል። ከዚያም በእርሱ ፈንታ ይሞታል፤ ይነሣልም።

«አባባ፥ አንበሳው ምን አለው?» አለችኝ ልጄ።

«አልተጻፈም» አልኋት።

«እንኳን አልተጻፈ!» አለች።

እኔ ግን ማንበቡን መቀጠል አቃተኝ። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አንድ እፍኝ ስኳር ሰርቄ ተቀጥቼ ነበር። ቅጣቱን ረስቼዋለሁ፤ ያልረሳሁት ግን፥ ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ ስለ ሌብነት በተነገረ ቍጥር መምህሩ ወደ እኔ መመልከታቸውን ነው። ይባስ ብሎ፥ እኔም በልጆቼ ላይ ይህንኑ ልማድ አድርጌዋለሁ፤ ልጄ የሰበረችውን የእጅ ሰዓቴን ሳላነሣባት ያለፈ ሳምንት አልነበረም።

መጽሐፉ ያን ጊዜ ደርሶኝ ቢሆን ባጽናናኝ ነበር፤ ዛሬ ስለ ደረሰኝ ግን ገሠጸኝ። ወላጆች ሆይ፥ የልጆቻችሁን መጽሐፍ ለእነርሱ ብቻ አትተዉ። የሰዓቱ ነገር ግን በቤታችን ከዚያች ማታ ወዲህ አልተነሣም።