ይድረስ ለድስት ጠጋኙ

ይድረስ ለወንድም ጆን ቡንያን፤

በደብዳቤ ወግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤና ነው። እርስዎ ግን ከ1688 ጀምሮ ሕመም በማይደርስበት ቦታ ስላሉ ጤናዎን አልጠይቅም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የምጽፍልዎ ከመቐለ፣ ከቀዳማይ ወያነ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1935 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ከተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ነው፤ የንጉሥ ሹማምንት ዐመፀኛ ብለው ላሰሩዎት ለእርስዎ ስሙ ብዙ እንግዳ አይሆንብዎትም። (የእርስዎን ዘመን በራስዎ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።)

ምስጋናዬ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ክርስቶስን ስላሳዩኝ መንገድ። የእናንተ የእንግሊዝ ተሐድሶ ፈላጊዎች፣ የፒዩሪታኖቹ፣ ወገን ስለ ክርስቶስ አሰላስሎ አይጠግብም። ወዳጅዎ ጆን ኦወን ስለ ክርስቶስ ክብር የጻፈው መጽሐፍ አለ፤ እሱ በሞተ በዓመቱ፣ በ1684 ታተመ። ከአሥራ አንድ ልጆቹ አሥሩን በልጅነታቸው የቀበረ ሰው የክርስቶስን ክብር ሲያሰላስል ማንበብ ያስፈራል። ኦወን ሊቅ ነው፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪ የነበረ፤ አንባቢውን ወደ ላይ፣ ወደ ዙፋኑ ያወጣዋል። እኔ እዚያ ከፍታ ላይ ብዙ መቆየት አልችልም፤ ትንፋሽ ያጥረኛል። እርስዎ ደግሞ “ፒልግሪምስ ፕሮግረስ” ባሉት በዚያ በመንገደኛው መጽሐፍ ጌታን ከነጭራሹ የደበቁት ይመስላል። ክርስቲያን የሚሉት መንገደኛ ሸክሙን ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ሲወጣ፣ ረግረጉ ሲውጠው፣ ኮረብታ ሲወጣና ሸለቆ ሲወርድ ጌታ አብሮት ሲሄድ አይታይም፤ ከዚያ በኋላም አብሮት የሚሄደው መጀመሪያ ታማኝ፣ ቀጥሎም ተስፈኛ ነው። በጠባቡ በር ላይ እጁን ይዞ ያስገባው ማን እንደ ነበረ እንኳ በግልጽ የነገሩን በሁለተኛው ክፍል ነው። ለዚያ ስድስት ዓመት አስጠበቁን። ጌታ በእርስዎ መንገድ ላይ ወይ ቀድሞ ያለፈ ነው፣ ወይ ከግድግዳ ጀርባ ያለ ነው።

ይህ እንደ ጉድለት የታየኝ ጊዜ ነበር። ከዚያ በትግራይ ጦርነት መካከል ሰኔ 2013 ዓ.ም. መጣ። መብራቱም፣ ስልኩም፣ ባንኩም አብረው ጠፉ። ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ማውጣት አይችልም፤ ውጭ አገር ልጅ ያለው ልጁ መኖሩን አያውቅም፤ ልጁም የእናቱን። በዚያን ጊዜ ስለ ጌታ ክብርና ግርማ የሚናገር ስብከት ስሰማ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ልቤ ከቤት ውጭ ይቆም ነበር። የምጸልየው ጸሎት ሁሉ እንደ ስልኩ የተቋረጠ ይመስለኝ ነበር። ማታ በኩራዝ፣ ላምባው ሲያልቅ ደግሞ ቀን በመስኮት ብርሃን፣ ሽፋኑ የወደቀ የአማርኛ መጽሐፍዎን ከልሼ ማንበብ ጀመርሁ። ከተርጓሚው ቤት ስደርስ ቆምሁ።

እርስዎ ያውቁታል። ተርጓሚው ክርስቲያንን እጁን ይዞ ወደ አንድ ክፍል ያስገባዋል። ግድግዳ ተደግፎ የሚነድ እሳት አለ። አንድ ሰው ቆሞ ያለ ማቋረጥ ውኃ ያፈስበታል። እሳቱ ግን በመጥፋት ፈንታ ይልቁን ይንቦገቦጋል። ክርስቲያን ግራ ይገባዋል። ተርጓሚው ውኃ የሚያፈስሰው ዲያብሎስ መሆኑን ይነግረዋል፤ እሳቱ ለምን እንደማይጠፋ ሊያሳየው ግን ወደ ግድግዳው ጀርባ ይወስደዋል። እዚያ ሌላ ሰው ዘይት ይዞ፣ ማንም ሳያየው፣ እሳቱን ይመግበዋል። ያ ሰው ክርስቶስ ነው።

ስለዚህ ሥዕል ላመሰግንዎት ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ውኃውን የሚያፈስሰው በግልጽ ይታያል፤ በዘመናችን ስሙም፣ ድምፁም፣ ዜናውም አይጠፋም። ዘይት የሚያፈስሰው ግን አይታይም። እኔ ደግሞ ስላልታየኝ የለም ብዬ ነበር። እርስዎ አለመታየቱን አልካዱብኝም። በርታ፣ ዓይንህን አንሣ፣ ታየዋለህ አላሉኝም። ያሉኝ ሌላ ነው፤ እሳቱ ገና አለመጥፋቱን እይ፣ ከዚያ ለምን እንዳልጠፋ ጠይቅ። ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ያልጠፋውን እሳት መቁጠር ጀመርሁ። ያላትን አንድ ጣሳ ጤፍ ከፍላ ለጎረቤት የላከች እናት። ደመወዝ ሳያገኙ ወደ ሥራቸው የሚሄዱ ነርሶች። እሑድ እሑድ ከሩቅ በእግራቸው መጥተው የሚዘምሩ ወጣቶች፣ ያውም ቁርስ ሳይበሉ። ይህን ሁሉ የሰው ደግነት ነው ማለት ይቻላል፤ ነውም። እኔ ግን ደግነት ያለ ዘይት ያን ያህል ጊዜ እንደማይነድ አውቃለሁ።

እንዲህ ያለውን ነገር እርስዎ ከየት እንዳመጡት ሕይወትዎን ሳነብ ገባኝ። በኅዳር 1660 በአንድ ገበሬ ቤት ለተሰበሰቡ ሰዎች ሊሰብኩ ሲሉ ያዙዎት። እኛ በደርግ ዘመን በየጓዳው የተሰበሰቡትን ወላጆቻችንን ስለምናውቅ ይህ ታሪክ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ለመፈታት የተጠየቁት አንድ ቃል ነበር፤ ከእንግዲህ አልሰብክም ማለት። አላሉም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ታሰሩ። ባለቤትዎ ኤልሳቤጥ በ1661 ዳኞቹ ፊት ቀርባ ስትለምን እርስዋ ያልወለደቻቸው አራት ልጆች በእጅዋ ላይ ነበሩ፣ አንዷ ማርያም ዓይነ ስውር። እርስዎ ደግሞ እስር ቤት ተቀምጠው ጫፉ በብረት የተቋጨ ማሰሪያ እየሠሩ ይሸጡ ነበር፤ ቤት የቀሩት እንዳይራቡ። ሰው በእንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጦ ስለ ተሰወረ ዘይት ከጻፈ አምነዋለሁ።

ሥራዎንም ማንሣት አለብኝ። እርስዎ ከቤት ቤት እየዞሩ የተበሳ ድስት የሚጠግኑ ሰው ነበሩ፤ አባትዎም እንደዚያው። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ምን ይባል እንደ ነበር ልንገርዎት አልፈልግም፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣት እስኪያስፈልጋቸው ድረስ ነበር። በእናንተም አገር ድስት ጠጋኝ ከተርታ ሰው በታች ነበር። ንጉሥ ቻርልስ ኦወንን እንዴት አንተን የሚያህል ሊቅ ድስት ጠጋኝ ሲሰብክ ሊሰማ ይሄዳል ብሎ ቢጠይቀው፣ የእሱን የስብከት ችሎታ ባገኝ እውቀቴን ሁሉ በደስታ እሰጥ ነበር አለ ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለኦወን ትሕትና አይደለም። የናዝሬቱ ሰው ራሱ ጸራቢ ስለ ነበረ፣ የሚያሰላስሉት ሰዎችም ከዚያው ሠፈር ሲመጡ ነገሩ ቦታውን ስለሚያገኝ ነው። ልብዎን የነካው ስብከት ብቻ እንዳልሆነም ጽፈዋል፤ ቤድፎርድ ውስጥ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ስለ እግዚአብሔር የሚያወጉ ሦስት ወይም አራት ድኻ ሴቶች ነበሩ። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያሉ ሴቶች ሞልተዋል። ሦስተኛው ቡና ሳይፈላ ቢሰሟቸው ኖሮ ጉዞው ይቀድም ነበር።

ገበያው ላይ ግን ትንሽ ልጣላዎት። ቀዳማይ ወያነ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ገበያውን ነው። እርስዎ ደግሞ ገበያን ወስደው የከንቱነት ገበያ አደረጉት፤ ሰይጣን የመሠረተው፣ ሁሉ የሚሸጥበት፣ ታማኝ የተቃጠለበት። እኔ የገበያ ልጅ ነኝ። በርበሬና ሽሮ ሸጠው ልጅ ያስተማሩ እናቶችን አውቃለሁ፤ ከንቱነት አላየሁባቸውም። ማሰሪያ ሸጠው ልጆችዎን ያበሉት እርስዎም ይህ አይጠፋዎትም። ሆኖም በዚያው ምዕራፍ ላይ አንድ ነገር አስቀመጡና አፌን ዘጉት። የነገሥታቱ ንጉሥ ራሱ በዚያ ገበያ አልፎአል አሉ። ብዔል ዜቡል ሁሉን አሳየው፣ ሁሉን ሊሰጠው ተማጠነው፤ እሱ ግን ሳንቲም ሳያወጣ፣ አንዳች ሳይገዛ ከተማውን ለቅቆ ሄደ። እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቢፈቅዱልኝ። ሌላ ጊዜ ሌላ ገበያ መጥቶ ነበር፣ ያኔም ገዛ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በዋጋ ተገዝታችኋል ማለቱ ይህን ነው። ዕቃውን ሁሉ ንቆ ሻጮቹን የገዛ ነጋዴ አላየሁም። ይህን ያሰብሁት በርበሬ ተራ ቆሜ ነው፤ ያስነጥሰኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ወደ እኔ እንዴት እንደ ደረሰ ደግሞ ሌላ ምስጋና ይፈልጋል፣ ለእርስዎ ሳይሆን ለአቶ ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ። መጽሐፍዎን ወደ አማርኛ የመለሱት እሳቸው ናቸው፤ በ1892 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ በሴንት ክሪሾና ታተመ። ከሰባት ዓመት በኋላ የእነ ኦኔሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም እዚያው ታትሟል። አማርኛ ገና ልብ ወለድ ሳይኖረው የእርስዎ መንገደኛ መንገድ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 ዓ.ም. ወዳጄ ልቤን ሲያሳትሙ የእርስዎ ዱካ ከመጽሐፉ ላይ ይታይ ነበር። ለእኛ ሰው ነገሩ ከብዶት አያውቅም። ኅዳር 21 ቀን ለጽዮን ማርያም ወደ አክሱም በእግሩ የሚተመውን ምእመን ላየ፣ ሕይወት ጉዞ ነው ሲባል የሚያስደንቀው ነገር የለም። እናንተ ፒዩሪታኖች ይህን የመሰለውን የእግር ስለት እንደማትወዱ አውቃለሁ። ግን የመረጡት ሰው መንገደኛ ነው፤ ወንድም ጆን፣ ይህን ለመረጡበት ምክንያት የእኛ ሰው ከእርስዎ አገር ሰው ይልቅ ቅርብ ነው።

ብዙ ሰባኪዎች ከመጽሐፍዎ የሚወዱት የጥርጣሬን ግንብ ነው። ክርስቲያንና ተስፈኛ ተስፋ መቁረጥ በሚባለው ግዙፍ እጅ ታስረው ተደብድበው፣ በመጨረሻ ክርስቲያን ተስፋ የሚባል ቁልፍ በብብቱ እንደ ነበረ ያስታውሳል። ጥሩ ስብከት ይወጣዋል። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ በሁለተኛው ክፍል መሪው ልበ ሙሉ የሚያወራለትን አቶ ፈሪን እወዳለሁ። ረግረጉ ዳር ከአንድ ወር በላይ እያለቀሰ ተኛ። ከተርጓሚው ደጅ ደርሶ፣ እንዲያስገቡት የሚጠይቅ ደብዳቤ በጉያው ይዞ፣ ለማንኳኳት ፈርቶ ብርድ ላይ ቆየ። አስቸጋሪው ኮረብታም፣ አንበሶቹም፣ ያ ገበያም አላስፈሩትም፤ በገበያው ውስጥስ ከሰዎቹ ጋር ሊደባደብ ደርሶ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ በመጨረሻ አይቀበለኝም ይሆን የሚለውን። ጌታው ለዚህ ሰው የተለየ ርኅራኄ አደረገለት ብለው ጽፈዋል። ወንዙ ጋ ሲደርስም ውኃው እስከዚያ ድረስ ታይቶ ከማያውቀው በላይ ጎድሎ ጠበቀው። ክርስቶስን እንዲህ ያወቀ፣ ለጀግኖች ከሚሰጠው ሽልማት አስቀድሞ ለፈሪ የሚያደርገውን እንክብካቤ ያየ ሰው፣ ራሱ በአንድ ወቅት እጅግ የፈራ ሰው መሆን አለበት። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ ሲባል ማመን ያቃተኝ እኔም ከአቶ ፈሪ ወገን ነበርሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልለቅቅዎትም። የመጀመሪያውን ክፍል የጨረሱት በአላዋቂው ነው። ሰውየው በጀልባ ተሻግሮ ከከተማይቱ ደጅ ደርሶ፣ የሚያሳየው ወረቀት ስለ ሌለው እጅና እግሩን አስረው ወደ ሲኦል በሚያስገባው የኮረብታ በር ጣሉት። መጽሐፉን በዘጋሁ ቁጥር ይህ ሰው ይከተለኛል። አንድ ወዳጄ፣ አላዋቂው በጠባቡ በር ስላልገባ ነው ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ ገባኝ፣ ግን አላረፈልኝም። ያሳረፈኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። የመንገደኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል በታተመበት በዚያው በ1678 ስለ ዮሐንስ ወንጌል 6፥37 የጻፉት ሌላ መጽሐፍ አለ። ወደ ክርስቶስ ለመምጣት የፈራ ሰው የሚያነሣውን ሰበብ ሁሉ፣ ትልቅ ኃጢአተኛ ነኝ፣ አርጅቻለሁ፣ ልቤ ደንድኗል የሚለውን፣ አንድ በአንድ ያነሡና ለሁሉም ያንኑ የጌታን ተስፋ ይመልሱለታል፤ የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ እንደማያወጣ። አላዋቂውን ያስፈረዱበት እጅና ይህን የጻፈው እጅ አንድ ነው። የአላዋቂውን ምዕራፍ ካነበብሁ በኋላ ያንን ሳላነብ አልተኛም። ስለዚያ መጽሐፍ ከሁሉ በላይ አመሰግንዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድ አንባቢ ከቀዳማይ ወያነ፣ መቐለ