በሦስት መቶ ቃላት ስለሚነገር ጉዳይ

ማወቅና ማሳወቅ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። በአንድ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ሌት ተቀን የሚያገለግሉ ሐኪሞችና አዋላጆች፣ እናቶችን ከሞት የሚያድን አንድ ጠቃሚ ዘዴ ያገኙ ይሆናል። ነገር ግን ያ ዘዴ በዚያው ክፍል ተወስኖ ከቀረ፣ በሌላ ወረዳ ለምትወልደው እናት ምንም አይፈይድላትም። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን፣ የሴቶችን ጤና በሚመለከት የሕክምና ጉባኤ ላይ ለመናገር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ስለሚያቀርበው አጭር ጽሑፍ፣ ማለት ስለ አኅጽሮተ ጥናት፣ ጥቂት ለማውሳት አስበናል። ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን መዝገብ የሚጠብቁት፣ ፈቃድ የሚሰጡትና ደብዳቤ የሚፈርሙት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለሆኑ፣ እኛንም በብርቱ የሚመለከት ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ እንናገር። በግዕዝ «ኀጽረ» ማለት አጠረ ማለት ነው። ትግርኛው «ሓጸረ» ሲል፣ አማርኛው ጸን ወደ ጠ ለውጦ «አጠረ» ይላል። እንግዲህ አኅጽሮተ ጥናት ማለት የጥናት ማሳጠሪያ ማለት ነው። ፊደሎቹን አዛውሮ «አጽሕሮተ ጥናት» ብሎ መጻፍም የተለመደ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ «አጠቃሎ» የሚሉም አሉ። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። ሆኖም ማሳጠር ማለት መቁረጥ ብቻ አይደለም። ልብስ ሲያጥር ከጫፉ ይቆረጣል፤ ጥናት ሲያጥር ግን ራሱም እግሩም ሳይጎድል ሊያጥር ይገባዋል።

የዚህን ጉዳይ ክብደት ለመረዳት፣ በቪየና ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ይሠራበት በነበረው የማዋለጃ ክፍል፣ በ1846 ከ100 ወላዶች ከ11 በላይ የሚሆኑት በወሊድ ትኩሳት ሞተው ነበር። በ1847 ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ወላዶችን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ1848 የሞቱት ከ100 አንድ ከሩብ ያህል ብቻ ሆኑ። ይህን የመሰለ ታላቅ ነገር ያገኘው ሰው ግን ብዕር ለማንሣት ዘገየ። ወዳጆቹ ስለ እርሱ ጽፈው አሳተሙ፤ እርሱ ራሱ በ1850 በከተማይቱ የሐኪሞች ማኅበር ፊት ተናገረ፤ መጽሐፉን ያሳተመው ግን በ1861 ነው። መጽሐፉም ረዥምና በክርክር የተሞላ ነበር። ሐሳቡ ያልተቀበለው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው አንልም፤ የጊዜው ሐኪሞች ትዕቢትም ነበረበት። ቢሆንም በመካከሉ ባለፉት 14 ዓመታት፣ ወሬው በሚገባ ያልደረሳቸው የሌሎች ከተሞች ሐኪሞች እጃቸውን ሳይታጠቡ ወላዶችን ያዋልዱ ነበር።

በዛሬው ዘመን ለመናገር የሚፈልግ ሐኪም መድረክ አያጣም። በ1954 በጄኔቭ የተመሠረተው፣ ፊጎ ተብሎ የሚጠራው ዓለም አቀፍ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን፣ ዓለም አቀፍ ጉባኤውን በ2009 በኬፕ ታውን አድርጓል፤ በ2013ም የአፍሪካ ክፍለ አህጉር ጉባኤው በአዲስ አበባ ተደርጓል። በ1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበርም የራሱን ጉባኤ ያደርጋል። እንዲህ ባሉት ጉባኤዎች የመናገር ዕድል የሚገኘው በማዕርግ ወይም በትውውቅ ሳይሆን፣ በተወሰነው ቀን በሚላከው አኅጽሮተ ጥናት ነው። መርማሪዎቹም ብዙውን ጊዜ የጸሐፊውን ስም ሳያዩ ጽሑፉን ብቻ አንብበው ይፈርዳሉ። ጥናቱ ከተመረጠ በንግግር ወይም በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ጽሑፍ ይቀርባል።

የቃላቱ ቁጥር በየጉባኤው ደንብ የተወሰነ ሲሆን፣ በብዛት ከ250 እስከ 350 ይደርሳል። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» እንደሚባለው፣ ከዚህ ካለፈ አይቀበሉትም። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ አራት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። 1ኛ፣ ጥናቱ ለምን ተደረገ? 2ኛ፣ የት፣ መቼ፣ በእነማን ላይና እንዴት ተደረገ? 3ኛ፣ ምን ተገኘ? 4ኛ፣ ከተገኘው ምን እንማራለን? እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ርእስ እንዲኖረው የሚያደርገው ሥርዓት በሕክምና መጽሔቶች የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው። በዚያው ዘመን፣ በየካቲት ወር 1987፣ በናይሮቢ ስለ እናቶች ደኅንነት ታላቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደርጎ ነበርና፣ የእናቶች ሞት ጉዳይ በዓለም ፊት ጎልቶ የቀረበውና የአቀራረቡ ሥርዓት የተስተካከለው በአንድ ዘመን ነው ለማለት ይቻላል።

ብዙ ጸሐፊዎች ሁለት ሦስተኛውን ቦታ ለመግቢያው ይሰጡና፣ ለውጤቱ አንድ መስመር ብቻ ይተርፋቸዋል። ይህ እንግዳን በደጅ ብዙ አስቁሞ፣ ወደ ቤት ከገባ በኋላ ምግብ እንደ መንፈግ ነው። የእናቶች ሞት ከባድ ችግር መሆኑን መርማሪው አስቀድሞ ያውቃል፤ እርሱ ሊያውቅ የሚፈልገው እናንተ ያገኛችሁትን ነው። ስለዚህ ለመግቢያው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ውጤትም የሚነገረው በቁጥር ነው። «ብዙዎቹ ተሻላቸው»፣ «መሻሻል ታየ» የሚለው ቃል ለደብዳቤ ካልሆነ በቀር ለጥናት አይሆንም። መልካም ምሳሌ የሚሆነን፣ በ2002 የታተመውና ማግፓይ ተብሎ የሚታወቀው ጥናት ነው። በ33 አገሮች፣ በእርግዝና ምክንያት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ በሽንታቸው ፕሮቲን የታየባቸው እናቶች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ሁለተኛው ወገን መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ተሰጣቸው። መድኃኒቱን ካገኙት 5,055 እናቶች መካከል 40፣ ካላገኙት 5,055 መካከል ደግሞ 96 የሚያንቀጠቅጠው በሽታ ያዛቸው። እነሆ፣ ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ከስንት ስንት እንደ ሆነ ስለ ተነገረ፣ አንባቢው ራሱ ማመዛዘን ይችላል። «በመድኃኒቱ በሽታው ከግማሽ በላይ ቀነሰ» ብቻ ቢባል ኖሮ፣ ከአራት ሰዎች መካከል ይሁን ከአሥር ሺህ ባልታወቀም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛነት ነው። የተሞከረው ዘዴ ሳይጠቅም ሲቀር፣ ጥናቱን አጥፎ በመሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ በየአገሩ የተለመደ ድካም ነው። ነገር ግን የማይጠቅመውን ማስታወቅም ሌሎች ገንዘባቸውንና የእናቶችን ሕይወት በከንቱ እንዳያባክኑ ይረዳል። ኮክሬን በተባለው ማኅበር በኩል በ2018 የታተመ ምርመራ፣ በጉባኤዎች ላይ የቀረቡ ከ300,000 በላይ አኅጽሮተ ጥናቶችን መርምሮ፣ በኋላ ሙሉ ሆነው የታተሙት ከ100 ወደ 37 ብቻ መሆናቸውን አስታውቋል። መልካም ውጤት ያላቸውም ይበልጥ የመታተም ዕድል እንዳገኙ ታይቷል። እንግዲህ ከብዙ ጥናቶች በኋላ የሚቀረው ምልክት ያች አንዲት አጭር ጽሑፍ ብቻ ናት ማለት ነው። ሙሉውን በኋላ እንጽፈዋለን ብሎ በእርስዋ ላይ መቸኮል ስለዚህ አይገባም፤ በመደምደሚያውም ከተገኘው ውጤት ያለፈ ቃል አይጨመር።

በአገራችን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። የሆስፒታል መዝገብ ከሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚል ከሆነ፣ ለውጭ ጉባኤ የሚጻፈው ከጁላይ 8 ቀን 2022 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2023 ተብሎ ነው። እንዲሁ ተገልብጦ ከተላከ፣ መርማሪው ጥናቱን ከስምንት ዓመት በፊት እንደ ተደረገ አሮጌ ነገር ይቈጥረዋል። የመቀበያው ጊዜ በግሪንዊች ሰዓት በቀትር 12 ላይ ይዘጋል ከተባለም፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እስከ ምሽቱ 12 ጊዜ አለኝ ብሎ የቆየ ሰው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ በተዘጋ በር ላይ ይደርሳል።

አሁን ወደ እኛ፣ ወደ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ እንመለስ። በሰዎች ላይ የሚደረግ ጥናት ከመጀመሩ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃድ ሳይገኝ የተሠራውን ጥናት ጉባኤ አይቀበለውም። ስለዚህ ማመልከቻው በጠረጴዛችን ላይ ሳምንታት ሲያድር፣ የዘገየው ወረቀት ብቻ አይደለም። ደግሞም መመርመርና ማዘግየት አንድ አይደሉም። ልንመረምር የሚገባን ብርቱ ጉዳይ የሴቲቱን ምሥጢር መጠበቅ ነው። በፊስቱላ ሕመም የተሠቃየች ወይም ጽንስ ያስወረደች ሴት ስሟ ባይጻፍም እንኳ፣ መንደርዋ፣ ዕድሜዋና የመጣችበት ቀን ከተጻፈ ጎረቤትዋ ያውቃታል። ለጥናቱ የማያስፈልገው ዝርዝር ይውጣ፤ ስለ አንዲት ታማሚ ብቻ የሚጻፍ ከሆነም የራስዋ ፈቃድ ይጠየቅ።

ሌላው ነገር የሠራውን ሰው ስም መጻፍ ነው። ሌሊት መዝገቡን የሞላችውና ደሙን የለካችው አዋላጅ፣ በጥናቱ አሳብና ጽሑፍ ውስጥ ከተካፈለች፣ ከጸሐፊዎቹ መካከል ልትቈጠር ይገባታል። አለቃ ስለሆነ ብቻ በሌላ ሰው ድካም ላይ ስሙን የሚያስቀድም ግን፣ ባልዘራው እርሻ ላይ ማጭድ ይዞ እንደሚመጣ ነው።

በመጨረሻም ለአማርኛ ተማሪዎቻችን አንድ ምክር አለን። በየሥራችሁ ካለው ጽሑፍ አንዱን ረዥም ሪፖርት ወስዳችሁ፣ በአራቱ ጥያቄዎች እየከፈላችሁ በ300 ቃላት ጻፉት። ትርፉን ቃል ለመጣል የቱ ትርፍ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋልና፣ ቋንቋውንም ሥራውንም ባንድነት ታውቁታላችሁ። የሴቶችን ጤና የሚመለከት ጥናት በእጃችሁ ቢመጣም፣ ከቁጥሮቹ በስተኋላ እናቶች እንዳሉ አትርሱ። ከ5,055 መካከል 40 ብለን የጻፍነው ቁጥር አርባ ቤት ነው፤ በ96ና በ40 መካከል ያለው ልዩነትም ሕመሙ ሳይደርስባቸው የቀሩ የኀምሳ ስድስት እናቶች ጤና ነው።