ቋጥኝ ፈልጎ ወደ ባሕር ዳርቻ?

ርእሱን አይቶ «አገር እንዲህ ሆና ይሄ ምን የሚሉት ወሬ ነው?» የሚል አይጠፋም። ይታገሰኝ፤ ነገሩ ዞሮ እዚሁ ጎጃም ይመጣል።

ውጭ አገር ባደጉ ልጆቻችን ዘንድ ቦልደሪንግ የሚባል ስፖርት ገብቷል። ከአራት አምስት ሜትር የማይበልጥ ቋጥኝን ያለ ገመድ፣ ከሥር ወፍራም ፍራሽ አንጥፎ መውጣት ነው። በቶኪዮው ኦሎምፒክ ከተጨመሩት የመውጣት ውድድሮች አንዱ ነበር። እነዚህ ልጆች የዓመት ፈቃድ ሲደርስ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቋጥኝም ያለበት የትኛው የባሕር ዳርቻ ይሻላል? ዛንዚባር? ሞምባሳ? ታይላንድ?»

ጥያቄው ከጅምሩ የተገለበጠ ነው። ቋጥኝ ሊወጣ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚመርጠው ቋጥኙን ነው፤ ውኃው ከተገኘ ምርቃት ነው።

ለምን? አንደኛ፣ ይህ ስፖርት ብርድ ይወዳል። መዳፍ ሲያልበው ድንጋይ አይጨበጥም። የባሕር ዳርቻ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ነው። ሁለተኛ፣ የዛንዚባርና የሞምባሳ ዳርቻ ድንጋይ በአብዛኛው የዛጎል ድንጋይ ነው፤ እንደ ምላጭ እጅ ይቆርጣል። ሦስተኛ፣ የታይላንዱ ራይሌይ ስሙ የገነነው በገመድ በሚወጣ ረጅም ገደል ነው። እዚያም የባሕሩ ጨው አለት ላይ የተመታውን ብረት ስለሚበላው በቲታኒየም መተካት ግድ ሆኗል።

ቋጥኝ ወጪዎች ከዓለም ዙሪያ የሚጎርፉት ወዴት ነው? ፓሪስ አጠገብ ያለው የፎንቴንብሎ ጫካ አሸዋማ ድንጋይ ነው። የደቡብ አፍሪካው ሮክላንድስ ከኬፕታውን በስተሰሜን ያለ ደረቅ ተራራ ነው፤ ሰው የሚሞላውም በክረምታቸው ነው። የሕንዱ ሃምፒ ፍርስራሽ ከተማና የግራናይት ድንጋይ ክምር ነው። ከሦስቱ አንዱም ባሕር ላይ የለም። ባሕር የናፈቀው ከሃምፒ ወደ ጎዋ ይወርዳል።

ዳርቻው ላይ ግሩም ቋጥኝ ያለበት የለም እንዴ? አለ። ሲሼልስ ነጭ አሸዋ ላይ የተኮለኮለ ግራናይት አላት፤ የእኛም አየር መንገድ ይበርባታል። ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ወበቅ፣ ኪስንም የምታራቁት። ለፎቶ ከሆነ ይሂዱ።

አሁን ወደ ቤታችን። ይህ «ውኃ ከሌለ መዝናኛ የለም» የሚለው በሽታ የልጆቹ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። የመንግሥትም ነው። በ2012 ዓ.ም. የተጀመረውን ገበታ ለሀገርን ተመልከቱ። ጎርጎራ ጣና ዳር፣ ወንጪ ሐይቁ ላይ፣ በኮይሻም ሀላላ ኬላ ውኃውን ቁልቁል እያየ። ጥሩ ሥራ ነው፤ አላጣጥልም። ግን ሐይቅ የሌለው ወረዳስ? የባሕር በር ጥያቄ የንግድና የህልውና ጥያቄ ነው፣ ይጠየቅ። ባሕር እስኪመጣ ግን ደጋው ምንም እንደሌለው መቁጠር ምን ይባላል?

ጉንደ ወይንን እንውሰድ። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ከተማ ናት። ወረዳው በሰሜን ዓባይን ተጎራብቶ ይቆማል። አየሩ ደጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ደረቅና ቀዝቃዛ፤ ቋጥኝ ወጪ ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው አየር ይኸው ነው። አለቱ ሁሉ ይሆናል አልልም። የደጋው ጥቁር ድንጋይ ቦታ ቦታ ላይ ይፈረፈራል፤ ሰው ሄዶ ማየት፣ መነካካት፣ መመዝገብ አለበት። ለዚህ ደግሞ ቢሊዮን ብር አያስፈልግም። የእግር መንገድ፣ ቦታውን የሚያውቁ የሰፈር ልጆች ማኅበር፣ ንጹሕ መኝታ፣ የሚሠራ ጤና ጣቢያ ይበቃል። ቋጥኝ ወጪ ሳምንታት የሚቀመጥ እንግዳ ነው፤ ከባለሱቋ ይገዛል፣ ከገበሬው ቤት ይከራያል። ገንዘቡ እዚያው ይቀራል።

«ድንጋይ መውጣት የእረኛ ሥራ ነው፤ ማን ከፍሎ ይወጣል?» የሚሉኝ አሉ። ደብረ ዳሞን በጠፍር ገመድ፣ አቡነ የማታ ጎህን በጣት እየቧጠጡ የሚወጡት አባቶች ስፖርተኞች አይደሉም፤ አለትን መፍራት ባህላችን እንዳልሆነ ግን ምስክር ናቸው። ደብር ያለበት አለት ለጨዋታ አይነካም፤ ይህ ከወዲሁ ይታወቅ። የቀረው ግን ብዙ ነው።

ትልቁ መልስ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ሳልናገር ብዘጋ ውሸታም እሆናለሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጎጃም የሰማው የጠመንጃ ድምፅ ነው። መንገድ በሚዘጋበት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት አገር ማንም ፍራሽ ተሸክሞ አይመጣም። የጉንደ ወይን ልጅ ራሱ ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ ሲፈራ፣ እንግዳ ና ማለት ቀልድ ነው። ስለዚህ ዛሬ «ኑ» አልልም፤ ለማንም አልመክርም።

የምለው ይህ ነው። ሰላሙን የምንጠይቀው ሞት እንዲቆም ብቻ ሳይሆን፣ ከሰላም በኋላ የምንኖርበትን ነገር ስለምናውቅ ይሁን። ልጆቼ፣ ዘንድሮ ቋጥኝ ካማራችሁ ሮክላንድስ ወይም ሃምፒ ሂዱ፤ ባሕሩን መጨረሻ ላይ ጨምሩት። እዚያ ስትደርሱ ግን መንደሩ በድንጋዩ እንዴት እንደሚኖር ልብ ብላችሁ እዩ። አንድ ቀን መንገዱ ሲከፈት ያንን ዕውቀት ይዛችሁ ኑ። ድንጋዩ የትም አይሄድም፤ የሚያሳስበኝ ሰዉ ነው።