ችግኙ ተቆጠረ፤ ስሙስ?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ የተከላ ዘመቻ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ቁጥር ይነገራል። ቁጥር አይጠላም፤ ጎርፍ አፈሩን ለሚወስድበት የላስታ ገበሬማ እያንዳንዱ ሥር ዋጋ አለው። ነገር ግን ላሊበላ ከተማ የሚማር ሕፃን ከተተከለው መካከል የስንቱን ስም ያውቃል? ስሙን ቢያውቅስ ጥቅሙንና ጉዳቱን ማን ነገረው? በየትምህርት ቤቱ ግቢ የአገር በቀል ዕፀዋት ቦታ ይከለል፤ የሰፊው ሕዝብ የዕፀዋት ዕውቀትም ማርክ የሚሰጥበት ትምህርት ይሁን የምንለው ስለዚህ ነው።

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ የሚወጣ መንገደኛ ወይራና ጽድ ካለበት ወይና ደጋ ጀምሮ ጦስኝና አስታን አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር ግድም ጓሳና ጅብራ ዘንድ ይደርሳል። ይህን ሁሉ የዕፀዋት ሠፈር በጥቂት ሰዓታት ጉዞ ማየት የሚቻልበት አገር ብዙ አይደለም። ሆኖም ተማሪው ይምርሐነ ክርስቶስን ሲጎበኝ የንጉሡን ስም ሸምድዶ ይመለሳል እንጂ፣ ዋሻው ውስጥ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ ያን ሕንፃ ያቆመው ባለሙያ እንጨቱን እንዴት እንደ መረጠ አይጠየቅም። ዙሪያውን የከበበው የጽድ ደን ለእርሱ ጥላ ብቻ ነው።

«ይህ ኋላ ቀርነት ነው፤ ልጆች ሳይንስ ይማሩ» የሚሉ የቢሮ ሰዎች አይጠፉም። ሳይንስ እንዴት እንደሚጀመር እንንገራቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ቆመው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የብልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት ለዓለም የተዋወቀው ከዚያ ነው። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ቀጥሎ ግን በ1990ዎቹ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለ ዛጎል እንስሳትን ለመግደል የሚውልበትን ዘዴ በፓተንት በስሙ አስመዘገበ። ልብስ አጣቢዎቹ እናቶች በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛሉ? የራሱን ቅጠል የማያውቅ ትውልድ ሲወሰድበት እንኳ የተወሰደበትን አያውቅም።

ከእነዚህ የቢሮ ሰዎች ጋር የሚጣላ መስሎ በሥራው የሚተባበራቸው ሌላ ወገን አለ። አገር በቀል ዕውቀት ሲባል ልጆችን ነጭ አልብሶ፣ ቄጠማ አስይዞ፣ በበዓል ቀን መድረክ ላይ ያወጣል። ገጣሚዎቻችንም ቢሆኑ ከአደይ አበባ ወዲያ አበባ ያለ አይመስላቸውም። ዕውቀት ግን ዝርዝር ነው። ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፍ አለው፤ ለመድኃኒት የምትፈለገው የሴቴዋ ቀይ አበባ ናት፤ መጠኑ ካለፈ ሰውን ይመርዛል፣ ዓይንም ይጎዳል። ይህን ያወቀ ልጅ የሥነ ሕይወትን፣ የመድኃኒትንና የጥንቃቄን ትምህርት በአንድ ዛፍ ሥር ተማረ ማለት ነው።

መድኃኒት አዋቂዎችም ከነቀፋ አያመልጡም። «ስሙ ከተነገረ ኃይሉን ያጣል» እያሉ ለአንድ ልጃቸው ብቻ በጆሮ ይነግራሉ፤ ልጁ ከተማ ይገባል፣ አባት ይሞታል፣ ቅጠሉ አረም ሆኖ ይቀራል። እርግጥ ምሥጢራቸው እንጀራቸው ነው። ስለሆነም ትምህርት ቤቱ አበል ሊከፍላቸውና በስማቸው ሊመዘግብላቸው ይገባል፤ በነፃ አምጡ ማለት ዘረፋ ነው። ልብ ይባል፤ የዛጉዌ ምድር የአገው ምድር ነበርና ከዋግ ጎረቤቶች የኽምጣንጋው ስምም ይጻፍ።

የብዙ ትምህርት ቤት ግቢ ዛሬ የተያዘው በባሕር ዛፍ ነው፤ ይሸጣል፣ ለጣሪያና ለጠመኔ ይሆናል። አንረግመውም፤ ማገዶና ማገር የሰጠን እርሱ ነው። ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ሲመጣ የመጣው ግንዱ ብቻ ነበር። በትውልድ አገሩ የነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎች ቅጠሉ ለምን እንደሚበጅ ያውቃሉ፤ ዛሬም በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የአትክልት ቦታ ለልጆች ያስተምራሉ። በእኛ ግቢ ዛፋቸው ቆሟል፤ ልማዳቸው ግን አልደረሰንም።

«ውሃ የለም» የሚለው ክርክር ከሁሉ የከበደ ነው። ዝናቡ የሚገባው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ተማሪው በመስከረም ሲመለስ ዝናቡ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል፣ በጥርና በየካቲት ግቢው አመድ ነው። ታዲያ የላስታን በጋ የለመደው ወይራና ጽድ እንጂ ከውጭ የመጣ የጌጥ አበባ መች ይችለዋል? ተከላው በሐምሌ በሠፈሩ ልጆችና በዘበኛው እጅ ይሁን፤ በበጋ የእጅ መታጠቢያው ውሃ ወደ ጤና አዳሙና ወደ ዳማከሴው ይመራ። አጥሩም ከቀጋ ይሠራ፤ እሾሁን ፍየል ቢፈራው አበባውን ንብ ይወደዋል፣ ፍሬውንም ልጆቹ ይበሉታል።